መሰንጠቂያው ላይ የተነጠፈ የገበታ ጨርቅ

ብረት ላይ ፈስሶ የረጋ የዶሮ ወጥ ዘይት አይታችሁ ካላወቃችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ ጋራዥ ውስጥ አለላችሁ፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ዳር ዳሩን ሽንኩርት የተጣበቀበት። ብፈትገው፣ ብፍቀው አልለቅ ያለ እድፍ ነው። የቀፈፈኝ ዘይቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን አርፌ እፈትግ ነበር እንጂ ብዕር አላነሳም።

ጡረታ ስወጣ፣ ቤቱን ሸጦ ልጁ ዘንድ ከሚገባ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ላይ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ገዛሁ። ሰፊ የብረት ገበታ አለው፤ ክብ መጋዙ ከመሃሉ ብቅ ይላል፣ ሲፈለግም ወደ ታች ይወርዳል። ከሥሩ ሞተር፣ ከሞተሩ ወደ መጋዙ የሚዞር የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋ። ቺንጋው ሽፋን የለውም። ማብሪያው ከፊት ለፊት፣ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ አረንጓዴው ያስነሳል፣ ቀዩ ያቆማል። በዚህ ሁሉ ብረት እስካሁን ያመረትኩት በርጩማ ብቻ ነው። አንዱም ሳይወዛወዝ የቆመ የለም። ባለቤቴ «እንግዳ ቶሎ እንዲሄድ ስንፈልግ እናቀርባቸዋለን» ትላለች።

ሴት ልጄ እዚሁ በሰው አገር ከተማ፣ ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ ሥራዋ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛ ስለሆነች የአምስት ዓመት ልጇን እኛ ዘንድ ታውላለች። ሳምንቱን ሙሉ የምኖረው ለዚያች ቀን ነው ብል ባለቤቴ ትቀየመኛለች፤ ስለዚህ አልልም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም ቅዳሜ በየተራ ቤት ለቤት ለጸሎት እንሰበሰባለን። ተራው የእኛ ሲሆንና በጋ ከሆነ፣ ቤታችን ስለሚጠብ የጋራዡን በር ከፍተን አዳራሽ እናደርገዋለን። ከሚመጡት መካከል ልጆቹ «አንክል» የሚሉት አንድ ወንድም አለ። ቤት ያሻሽጣል፤ ከዚያ የተነሳ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ የማንም ቤት የራሱ ይመስለዋል። ገና ሲገባ ልጆቹን ይሰበስብና «ኑ፣ የጋሼን ጉድ ላሳያችሁ» ብሎ አረንጓዴውን ይጫናል። ማሽኑ ያጓራል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ቀዩን ይጫንና እንደ አስማተኛ እጅ ይነሳል። እኔ ፊቴ ላይ ፈገግታ ለጥፌ እቆማለሁ። በሆዴ «እጅህን አንሳ» እላለሁ፤ በአፌ «ተጫወቱ፣ ቤታችሁ ነው» እላለሁ። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ከወገብ ሕመም ጋር አብሮ ይዞኛል፤ ለወገቤ እንኳ ኪኒን አለ።

ያን ቀን ሰው በዛና ጠረጴዛ አነሰ። ባለቤቴ ነጭ የገበታ ጨርቅ ታቅፋ መጣች።

«አንተ፣ ይሄን መጋዝህን ወደ ታች አውርደው።»

«ለምን ብዬ?»

«ምግብ ልደረድርበት ነዋ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ማሽን እኮ ነው።»

«ዛሬ ጠረጴዛ ነው። አንድ ቀን እንኳ ለሰው ይጥቀም።»

መጋዙን አወረድኩ። እሷ ጨርቁን እስከ መሬት ዘረጋችው፤ ብሉር መንገድ ካለው የሐበሻ ሱቅ የመጣው እንጀራ፣ ዶሮው፣ አልጫው፣ ሰላጣው ተደረደረ። እውነቱን ለመናገር ከበርጩማዎቼ ሁሉ የተሻለ ቆሟል። ሶኬቱን ግን ከግድግዳው አልነቀልኩም። ለመንቀል ማጎንበስ ያስፈልጋል፤ ለወገቤ አዘንኩለት።

ገበታውን የሚባርከው ያው ቤት አሻሻጭ ወንድም ነበር። ጸሎቱ ረዘመ፤ ለአገር ጸለየ፣ ለመንገደኞች ጸለየ። ወደ ዶሮው ሳይደርስ ገበታው አጓራ። የወጡ ድስት ተንቀጠቀጠ፣ ጭልፋው እየተራመደ ሄዶ ወደቀ፣ ዘይቱ ጨርቁን አልፎ ወደ ብረቱ ፈሰሰ። አንዲት እናት ጸሎቱ የተመለሰ መስሏቸው «ሃሌ ሉያ» አሉ። እኔ ድምፁን አውቀዋለሁ። ዓይኔን ገልጬ የልጅ ልጄን ፈለግኋት፤ የለችም። ከጨርቁ ጠርዝ ሥር ሁለት ነጫጭ ጫማዎች ብቅ ብለዋል።

አላጎነብስም ያለው ወገብ እንዴት እንደታጠፈ አላውቅም። መሬት ላይ ተደፍቼ ሶኬቱን ነቀልኩ። መጋዝ ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለጠፋ ወዲያው አይቆምም፤ እያቃሰተ፣ እያቃሰተ ነው የሚያርፈው። ጨርቁን ስገልጠው ጆሮዋን ይዛ ተቀምጣለች። ከወገቧ በስተኋላ ታስሮ የነበረው ሪባን የለም። ቺንጋው ጎትቶ በጥሶ፣ ጠቅልሎ አጥቁሮታል። ጣቶቿን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ፀጉሯን ዳበስኩ።

«ባባ፣ እንደ አንክል አደረግኩ» አለችኝ። ዙሪያዋን አየችና «ለምን አያጨበጭቡም?» ብላ ጠየቀች።

የሚያቅለሸልሸኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። «ምንም አልሆነችም፣ ጌታ ይመስገን» ተባለ። አንዱ ከሌላው ተቀባብሎ አለው። ከዚያ ሰልፍ ያዙ። ሳህን ይዘው፣ ሆዱ ውስጥ የልጅ ሪባን በተጠቀለለበት ማሽን ላይ ጎንበስ እያሉ፣ የትኛው ብልት ለማን እንደሚደርስ ይጨቃጨቁ ጀመር። ቤት አሻሻጩ ፈረሰኛውን አነሳ። አጥንቱን ሲግጥ ጣቱን ይልሳል።

«ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ። ልጅ አይደለች፣ ትንሽ ብትደነግጥ ነው።»

ጣቱን መላሱን ሳይ ቀፈፈኝ። እኔስ? ሳህን ሰጡኝ። እምቢ ማለት ነውር ነው ብዬ በላሁ። ዶሮው ደግሞ ጥሩ ነበር፤ ጨመርኩ። ከሰልፉ ሁሉ የቀፈፈኝ ሰው ግን ያ የጨመረው ሽማግሌ ነው፣ እኔው።

ልጄ ከሥራ ስትመጣ የሪባኑን ቁራጭ በእጄ ይዤ አገኘችኝ። ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ፣ የተቆረጠ ጣታቸውን በበረዶ ከረጢት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ናቸው ፔሸንቶቼ።»

«እቆልፈዋለሁ።»

«ቁልፉን አይደለም የማላምነው፣ አንተን ነው። ሰው ከጠየቀህ ትከፍታለህ።»

ልጅቷን ይዛ ሄደች፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሳታመጣት ቀረች። የዚያ ቀጣዩም እንደዚያው። ባለቤቴ ጨርቁን ሦስት ውሃ አጥባው አልለቅ ሲላት ወደ ቆሻሻ ጣለችው። እኔ ጋራዥ ገብቼ ዋልኩ። ቺንጋውን የሚሸፍን የእንጨት ሳጥን ሠራሁ፤ በሕይወቴ ሳይወዛወዝ የተሠራልኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። ሶኬቱን ውጦ የሚቆለፍ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ገዛሁ። ከቤት ወደ ጋራዥ የሚያስገባው በር ላይም ልጅ ቢንጠለጠል የማይደርስበት ቁልፍ አደረግኩ። ለልጄ ኮል አድርጌ ሁሉንም ዘረዘርኩላት።

«እናያለን» ብላ ዘጋችው።

ተራው እንደገና የእኛ ሲሆን ጋራዡን ቆልፌ እንግዳውን ሳሎን አጨናነቅኩት። ልጄ ወደ ሥራ ስታልፍ መጣች፤ ልጅቷን ይዛለች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ቤት አሻሻጩ ልጆቹን አስከትሎ ከጋራዡ በር ደረሰ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ያውሱኝ። ልጆቹ ማሽኗን ይዩ።»

«አይቻልም።»

«እኛን ነው? ሌባ መሰልንዎት?»

«ሌባስ በተሻለ። ሌባ ማሽኑን ይዞ ይሄዳል እንጂ ልጅ አያስነካውም።»

ሳሎን ያሉት ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። «እንግዲህ ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው» ብሎ ዞረ። ለእንግዳ እንዲህ ያለ ፊት አሳይቼ አላውቅም። ፈተናውን አለፍኩ ብዬ ወደ ልጄ ዞርኩ። እሷ ግን እኔን አታይም፤ የምታየው ወደ ታች ነው።

የልጅ ልጄ ሱሪዬን ይዛለች።

«ባባ፣ ለኔ ክፈትልኝ። ጀስት ሚ።»

«ላንቺም አይከፈትም።»

«ፕሊስ?»

ለዚህች ልጅ እራት ሳትበላ አይስክሬም የሰጠሁ ሰው ነኝ። ጥርሷን ሳትቦርሽ ያስተኛሁ፣ እናቷ የከለከለችውን ሁሉ ጀርባዬን አዙሬ የፈቀድኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄም እዚያው ነበር።

«አይሆንም፣ የኔ እናት።»

በሩ ሥር ተዘረፈጠችና በእግሯ እየደበደበችው ለቅሶዋን አቀለጠችው። «አይ ዶንት ላይክ ዩ» አለችኝ። እጄን ባዶውን ከኪሴ አወጣሁ።

ልጄ ትንሽ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ሰዓቷን አየች፣ ጉንጬን ሳመች። «ማታ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብላ፣ የምታለቅስ ልጇን እኔ ዘንድ ትታ ወደ ሥራዋ ወጣች።

በርጩማ አምጥቼ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። ተወዛወዘ።