ከኮምፒውተሩ ቀድሞ የተወለደው ባክአፕ

ግሽ አባይ ሰፈር ባለችው የኮምፒውተር መጠገኛ ቤቴ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ስሳሳት እናደዳለሁ፣ ካስፈለገም ኪቦርዱን እሰድባለሁ፤ ግራ ግን አይገባኝም። የኔታ የመጡ ዕለት ግን ግራ ገባኝ።

የኔታ ከዘጌ በጠዋቱ ጀልባ የተሻገሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ላፕቶፓቸውን ውኃ እንዳይነካው በፌስታል፣ ከፌስታሉ በላይ በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈውታል። ስከፍተው ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። ለእኛ ለጠጋኞች ይህ ድምፅ የጣር ድምፅ ነው።

«ምን አለበት ውስጡ?» አልኋቸው።

«የመምህሬ ቅኔ።»

ቅኔ በማሕሌት አንድ ጊዜ ይባላል፣ ሁለተኛ አይደገምም፤ ያመለጠው አመለጠው። መምህራቸው ዐርፈዋል፤ አብረዋቸው ቆመው የሰሙትም አንድ ባንድ ዐርፈዋል። የቀረው የኔታ በቃላቸው የያዙት ብቻ ነበር፤ እሱን ነው ፊደሉን በሁለት ጣት እየፈለጉ ለዓመታት ሲተይቡ የኖሩት። ይህ ዲስክ ከሞተ ቅኔውም አብሮ ይቀበራል ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ማጽናናት አይሆንልኝም። «አይጨነቁ፣ ቢጠፋስ በቃልዎ ያውቁት የለም?» አልሁ። ነጠላቸውን ማጣጠፍ ያዙ። አልሰሙኝም ብዬ ተውሁት።

በሽተኛው ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ እንዳለ ወደ አዲስ ዲስክ መገልበጥ ጀመርሁ፤ በእኛ ቋንቋ ክሎን ማድረግ ነው። ከግማሽ ሳይደርስ ቆመ። ደገምሁት፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። በሦስተኛው አሮጌው ዲስክ ጭራሽ ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቢነቅሉት ቢሰኩት አልተነሣም። በመጀመሪያ ቅኔዎቹን ብቻ ማውጣት ሲገባኝ ዊንዶውሱንም ፕሮግራሙንም ሁሉንም ባንዴ ልውሰድ ብዬ ነው የገደልሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ዞሬ ፊታቸውን ለማየት ፈራሁ። የኔታ ግን ከኮታቸው ኪስ በመሐረብ የተቋጠረ ኤክስተርናል ዲስክ አወጡ። «ባክአፕ የሚሉትን መጠባበቂያ ቅጂ ሁለት ጊዜ አድርጌያለሁ። የመጀመሪያውን ኮምፒውተሩን የሸጠልኝ ሰው ነው እያሳየ ያስደረገኝ፤ ሁለተኛውን ግን ብቻየን ነኝ» አሉ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

እውነትም ሁለት ባክአፕ አገኘሁ። የአንዱ ቀን ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ የሌላው ስምንት። እንግዲህ ማን አሮጌ ይመርጣል? የሦስት ዓመቱን አዲሱ ዲስክ ላይ መለስሁት። ኮምፒውተሩ ግን አልነሣ አለ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ የምነሣበት ዲስክ የለም ይላል። ወደ ውስጥ ቅንብሩ ገብቼ የአነሣሡን ዓይነት ስቀይረው ተነሣልኝ። እግረ መንገዴንም የኮምፒውተሩ ቀን መቁጠሪያ በዓመታት ወደ ኋላ ቀርቶ አየሁና አስተካከልሁት። የውስጥ ባትሪ ሲደክም እንዲህ ያደርጋል፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

«የኔታ፣ ይህን የስምንት ዓመቱን ልደምስሰው? ቦታ ይዟል» አልሁ።

«አሮጌ አይደመሰስም» አሉ። «እኛ ዘንድ ያረጀ ብራና እንኳ ዕቃ ቤት ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። አታጥፊው።»

በሆዴ እያጉረመረምሁ ተውሁት።

መነጽራቸውን አድርገው ቅኔዎቹን ወደ ታች፣ ወደ ታች ሄዱባቸው። ከዚያ ቆሙ።

«አላለቀም እኮ ይሄ። የአምናው የለም። የዘንድሮውም የለም። ብቻየን ያደረግሁት ላይ ነበሩ።»

ሁለተኛውን ብቻቸውን ካደረጉት የት ሄደ? የስምንት ዓመቱ ውስጥ የአምና ቅኔ አይኖርም፤ ደግሞስ የሌላ ሰው ይሆን? «ኮምፒውተሩን መቼ ነበር የገዙት?» አልኋቸው።

«ይኸው አራት ዓመቱ።»

የአራት ዓመት ኮምፒውተር የስምንት ዓመት ባክአፕ ከየት ያመጣል? ልጅ እናቱን ቀድሞ ይወለዳል? ወረቀት ላይ ጻፍሁ፣ ሰረዝሁ። ኤክስተርናሉን ከማን እንደተዋሱት ጠየቅሁ፤ አልተዋስሁም አሉ። ምናልባት ዘንግተውት ይሆናል ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ፤ አሁን እሳቸውም እንደ እኔ ግራ ገባቸው። ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ጀልባው በዐሥር ይመለሳል።

የኔታ ዓይናቸውን ወደ ስክሪኑ ጥግ ጣል አድርገው «ዘመኑንም አበላሸሽብኝ» አሉ።

«የቱን ዘመን?»

«ይህን። ስገዛውም እንዲህ ተሳስቶ ነበር፤ ስምንት ዓመት ወደ ፊት አስቀድሞ ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ ታገሥሁት። በኋላ ነው መንገዱን አግኝቼ ያቀናሁት።»

አፌን ከፍቼ አየኋቸው። በባሕረ ሐሳብ ዘመንና በዓል ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ዘመኑን የሳተ ዕቃ እንዴት ቤታቸው ያስቀምጡ? የፈረንጁን ዓመት ሰርዘው የእኛን አስገብተውበታል። ኢንተርኔት ነክቶት ስለማያውቅ የሚያርመው አልነበረም። ቀኑ በእኛ ዘመን ስለተመዘገበ የስምንት ዓመት ያልሁት ባክአፕ የዘንድሮ ነው። ያን የሳተ ዘመን በገዛ እጄ ነክቼ፣ ባትሪ ነው ብዬ ማለፌ ነው ያናደደኝ። አታጥፊው ባይሉኝ ኖሮ አጥፍቼው ነበር።

ስከፍተው ሁሉም አለ። የኔታ የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናውን፣ በለሆሳስ አነበቡት፤ መልሰው አነበቡት። ፊታቸው በራ።

«ግሩም ነው» አሉ። «የማን ነው?»

መምህር ተማሪን እንደሚፈትን የሚፈትኑኝ መሰለኝና ሣቅሁ። «የመምህርዎ ነዋ፣ የኔታ። እርስዎ ነዎት የጻፉት።»

አልሣቁም። ቅኔውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተመልሰው ቅኔውን አዩ። ጠዋት «በቃልዎ ያውቁት የለም?» ያልኋቸው ትዝ አለኝና አፈርሁ።

«ለዚህ ነበር የጻፍሁት» አሉ በመጨረሻ።

ቅኔውን ሦስት ቦታ ገለበጥሁላቸው። ላፕቶፑን በነጠላቸው ከመጠቅለሌ በፊትም ስክሪኑ ጥግ ያለውን ዘመን ወደ እሳቸው ዘመን መለስሁት።