የአስቴር አደንጓሬ

አደንጓሬውን የቀቀልኩት ሆን ብዬ ነው። ለዘር የተቀመጠ መሆኑንም አሳምሬ አውቅ ነበር...

ነገሩ ሰማንያ ስምንት ዓ.ም. አካባቢ ነው። ነፋስ ስልክ፣ ትንሽ ጓሮ ባላት ቤት ነበር የምንኖረው። ባለቤቴ ታደሰ እኔን ሲያገባ የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተችበት አራት ዓመቱ ነበር። አስቴር ትባላለች። ፎቶዋን ሳልጠይቀው ራሱ ከግድግዳ አውርዶ ሻንጣ ውስጥ ስለከተተው በፎቶ አልተጣላንም።

ያልወረደው አደንጓሬዋ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ አጥሩን ተከትሎ ይተክለዋል። ቀይ ሆኖ ነጭ ጣል ጣል ያለበት፣ ገበያ ላይ የማላየው ዓይነት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «የአስቴር አደንጓሬ» ነው የሚለው። ቤት ውስጥ አንድ ብርጭቆ የማያነሳ ሰውዬ፣ ለእሱ ሲሆን እንጨት ያቆማል፣ ሐረጉን በክር ያስራል፣ አረም ሲነቅል ይውላል። ኅዳር ላይ ሲደርቅ ራሱ ይፈለፍለዋል። ምርጥ ምርጡን ለዘር ለይቶ፣ ነቀዝ እንዳይገባው አመድ ነስንሶበት፣ በወተት ቆርቆሮ ቁም ሳጥኑ ላይ ያስቀምጠዋል።

እኔን ታምሜ እንኳ እንደዚያ ጎንበስ ብሎ አይቶኝ አያውቅም...

ሁለት ዓመት ቻልኩት። በሦስተኛው፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ መሬቱን እየቆፈረ ሲያንጎራጎር ሰማሁት። በቃ። ሥራ ሲሄድ ጠብቄ ቆርቆሮውን አወረድኩ፤ አመዱን አጥቤ ዘፈዘፍኩት። በማግስቱ ከጠዋት ጀምሬ ከሰል ላይ ጣድኩት። ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ቃሪያ ጨምሬበት፣ ለምሳ ሲመጣ አቀረብኩለት።

አንዷን ፍሬ በጣቱ አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋት።

«ይሄ ከየት ነው?»

«ከቆርቆሮው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እንጀራውን ቆርሶ በላ። ሲጨርስ «በደንብ በስሏል» ብሎኝ እጁን ታጠበ። በነጋታው በመስኮት ሳየው የቆፈረው መሬት ዳር ቆሟል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ዶማውን ይዞ ገባ...

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜ ላይ አላስችል ሲለኝ ወደ አስቴር እናት ሄድኩ። ቤታቸው ፉሪ ነው። ያኔ ከሀና ማርያም ወዲያ ያለው እርሻ ስለነበር ጭቃውን በእግሬ እየረገጥኩ ደረስኩ። እማማ በዳቱ ይባላሉ። አይቻቸው አላውቅም። በር ላይ ቆሜ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«የታደሰ ሚስት ነሽ? ግቢ ልጄ» አሉኝ።

ምንም ሳልደብቅ ተናዘዝኩ። የልጅዎን የአደንጓሬ ዘር ቀንቼ ቀቀልኩት፤ እርስዎ ጋ ካለ ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። አዩኝና ሳቁ።

«የልጄ? ማን አለሽ? የእናቱ ነው እኮ። ቡሬ ካሉት እናቱ ይዞት የመጣ ነው። አስቴርማ እሱ ለምኗት ትተክልለታለች እንጂ ስታየው ደሟ ይፈላ ነበር። ‹የእናቱን አደንጓሬ ከኔ አስበለጠ› እያለች እዚህ መጥታ ታለቅስብኛለች። ከቤቷ እንዲወጣ ብላ እያፈሰች ወደኔ ስታመጣው፣ እኔም ዘራሁት።»

ከጓዳ አንድ ጣሳ ሙሉ አውጥተው ሰጡኝ። ጉልበታቸውን ስስም ቀና አደረጉኝ።

«እሷም እንዳንቺ ደፋር ብትሆን ቀቅላው ታርፍ ነበር» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

ቤት ስደርስ «ከአስቴር እናት ነው» ብዬ ጣሳውን ታደሰ ፊት አስቀመጥኩት። በእጁ ዘግኖ አየው።

«እማማ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። የእናትህ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«ጎረቤቱ የአስቴር ነው ሲልስ?»

«ስትተክል ያዩት እሷን ነው... ከሞተች በኋላ ‹የሷ አይደለም› ማለት ከበደኝ።»

ሰኔ ሲገባ አብረን ተከልነው። እሱ ጉድጓድ ይከፍታል፣ እኔ ሁለት ሁለት ፍሬ እጥላለሁ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ግን መዋሸት ነው። ከአስቴር ላይ ወረደና አማቴ ላይ ወጣ። እሳቸው ደግሞ፣ እግዜር ዕድሜ ሰጥቷቸው፣ በሕይወት አሉ።