በማርመላታ ጠርሙስ ያሳደርኋቸው እንግዶች

ደባርቅ በተመደብሁበት ዓመት ከሊማሊሞ ግርጌ ካለው ወንዝ ሽሪምፕ የሚባሉ ጥቂት ባለ ብዙ እግር የውሃ እንስሶች በጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ከጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጡም፤ ገላቸው ብርሃን ያሳልፋል። አንዷ ሆዷ ሥር እንቁላል ታቅፋለች። ተማሪዎቼ ሲፈለፈል እንዲያዩ ጓጉቼ ነበርና በየሰዓቱ ካላየኋት አላርፍም።

ቤታቸው የማርመላታ ጠርሙስ ነው። ትንሽ ዕቃ ሥራ ያቀላል የሚል ሰው ይሳሳታል። ኩሬ ውስጥ ፍርፋሪ ቢወድቅ ውሃው ይችለዋል፤ ጠርሙስ ውስጥ ግን ይበሰብስና እንስሶቹን አየር ያሳጣቸዋል። ከወንዙ አምጥቼ ያስገባሁላቸው ድንጋይ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ነገር ይበቃቸዋል። ውሃውንም በአንዴ አልገለብጥም፤ በኩባያ ቀንሼ፣ ክፍሌ ውስጥ ያደረ የምንጭ ውሃ እተካለሁ። የቤቱ እንስራ በወይራ ጭስ ስለሚታጠን ከእሱ አልቀዳም።

ይህን ሁሉ ለአከራዬ አስረድቻለሁ። እሳቸው ቤት ግን እንግዳ ሳይቀምስ የሚጎርስ የለም።

«ዛሬስ ምን በሉ?» ይሉኛል።

«የሚበቃቸውን በልተዋል፣ እማማ።»

«አንተ መምህር፣ ድንጋይ እያስላስህ? ጎረቤት ቢያይ እኮ የሚያማው እኔን ነው!»

ጎረቤትም አየ። የመጣው ሁሉ አዝኖ ቆንጠር እያደረገ ይጥልላቸው ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውሃው አሬራ መስሎ አገኘሁት። ሽሪምፖቹ ሁሉ፣ እናቲቱም ጭምር፣ ወደ ላይ ወጥተው አፋፉ ላይ ተለጥፈዋል። ፍርፋሪውን ለቅሜ፣ አንድ ኩባያ ለውጬ ሳልጨርስ የቀበሌው ጥበቃ በሩን ደበደበ። ስብሰባ! መቅረት ምን እንደሚያመጣ በዚያን ጊዜ ሁሉም ያውቃል።

«እማማ፣ አደራ! ማንም ምንም እንዳይሰጣቸው!» ብዬ ሮጥሁ።

መፈክር ሲባል እጄን አነሳለሁ፤ ዓይኔ በር በሩን ያያል። አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ «ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ። ተናጋሪው «በመጨረሻም» ባለ ቁጥር ልቤ ይነሳል፤ እሱ ግን እንደገና ይጀምራል።

እንደተበተንን እየሮጥሁ ደረስሁ። የአከራዬ የንስሐ አባት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ የዳቦ ቁራሽ ይዘው እጃቸውን ወደ ጠርሙሱ ዘርግተዋል። በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ፤ ቄስ ላይ አይጮህ ነገር!

«አባ፣ ይተዉ» አሉ አከራዬ። «ጾም ላይ ናቸው።»

«እነዚህ?»

«እነዚሁ። መምህሩ ነው ያዘዘባቸው።»

ቄሱ ዞረው አዩኝ። «እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚያስጾሟቸው?»

«ውሃው እስኪጠራ ነው፣ አባ።»

«ወይ ጉድ! እኛንም በለጡን!» ብለው ሳቁና ቁራሹን ራሳቸው ጎረሱት።

ተንበርክኬ አየሁ። ውሃው እንደደፈረሰ ነው፤ እናቲቱ ግን ወደ ድንጋዩ ወርዳ በእግሮቿ እንቁላሏን ታራግባለች። አንድ ኩባያ ቀንሼ አንድ ኩባያ ያደረ ውሃ ቀስ ብዬ ጨመርሁ። ሌላው ለነገ ይቆያል፤ በአንዴ መለወጥም ይገድላል። ይህን እያወቅሁም እጄ ኩባያውን አልለቅ አለ።