ሳይፈተሽ የተገዛው ሞተር

ባለፈው እሑድ ልጄ ሰላም ስልኳን ዘርግታ የአንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ፎቶ አሳየችኝ። የጤና ባለሙያ ናት፤ ሥራዋ እንደ እኔ የጥንት ሥራ ገጠር ለገጠር ያዞራታል። «ርካሽ ነው አባዬ። ደግሞ የሚሸጡልኝ የክርስትና አባቴ ናቸው» አለችኝ ደስ ብሏት። ስልኩን መለስሁላትና ወደ በረንዳ ወጥቼ ተቀመጥሁ። ይሄን ያህል ዘመን ያለፈበት ፍርሃት እንዲህ ትኩስ ሆኖ ይመጣል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ያኔ ቢቸና የእንስሳት ሐኪም ረዳት ነበርሁ፤ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሬ እየዞርሁ ጫማ የምጨርስ ጎረምሳ። ሞጣ የሚኖሩት የታናሽ እህቴ የክርስትና አባት፣ አያ አለሙ፣ ቀይ ሞተራቸውን በገበያው ዋጋ ግማሽ ሊለቁልኝ እንደሆነ ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። አበልጅ በእኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እናቴም «እኔ ሳልኖርማ አይሆንም» ብላ በአውቶብስ አብራኝ ሄደች።

ሐምሌ ነበር። አያ አለሙ ቤት ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ ቀረበልን፤ ውጭ ካፊያው አላባራ ብሎ ነበርና እጃችንን በድንቹ እያሞቅን በላን። ከዚያ ሞተሩን ከጓሮ አወጡት። ጎንበስ ብዬ ፍሬኑን ልነካካ ስል እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«የአበልጅ ዕቃ ይፈተሻል?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሌባ ነህ እንደማለት አይደለም?»

ቀና አልሁ። አያ አለሙ አንዴ እኔን አንዴ ሞተሩን አዩ። «በሉ ይባርክላችሁ፤ ደህና ግቡ» አሉ።

እናቴ እንደ አገራችን ሴቶች እግሮቿን ወደ ቀኝ አድርጋ በጎን ተቀመጠች፤ በአንድ እጇ ቀበቶዬን ጨበጠች። ሜዳው ላይ ሞተሩ ደህና ነበር። እንዲያውም ኮራሁ። ጎረምሳ ሞተር ላይ ሲወጣ ዓለም ሁሉ የሚያየው ይመስለዋል። ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ አዲስ የታረሰው መሬት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል።

መንገዱ ወደ ወንዝ የሚወርድበት ቁልቁለት ጫፍ ላይ ስንደርስ የእግር ፍሬኑን ረገጥሁ። ባዶ ነው። ደግሜ ረገጥሁ፤ ልክ አየር እንደ መርገጥ። የእጁን ስጨብጥ ሽቦው ተበጥሶ እጄ ላይ ላላ። ማርሽ ብቀንስ ይይዘኛል ብዬ ሞከርሁ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ ሰንሰለቱ ወለቀ። ከዚያ በኋላ የሚይዘን ነገር አልነበረም።

ከታች ጠባቡ ድልድይ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አህዮቻቸውን ይዘው ግጥም ብለዋል። ከኋላዬ እናቴ ወሬዋን ቀጥላለች። «የአያ አለሙ ሚስት ከሳች እኮ፣ አየሃት? ድንቹስ፣ ምን ያለ ድንች ነው! ምነው ለዘር በለመንኋቸው ኖሮ።» ምንም አልገባትም ብዬ አሰብሁ። እናቴን ልገድላት ነው፣ እሷ ስለ ድንች ታወራለች። በግራ በኩል ታርሶ ውሃ የጠጣ የጤፍ ማሳ ነበር። እመብርሃን ብዬ መሪውን ወደዚያ ጠመዘዝሁ።

አፌ ጭቃ ሞልቶ ተነሣሁ። እናቴ ጥቂት ራቅ ብላ ተጋድማለች፤ ነጠላዋ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። አጠገቧ ተንበረከክሁ።

«እግርህ ሲረግጥ ሲረግጥ አይቼው ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«መቼ ዝም አልሁ? ብጮህ ዞረህ ታየኛለህ። ብትዞር ደግሞ አለቅን።»

ልትነሣ ሞከረችና ዋይ አለች። ገበያተኞቹ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር።

አያ አለሙ ወሬው ሲደርሳቸው ከሞጣ መጡ። አልጋው ግርጌ ቆመው፣ ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም። «ፍሬኑ አንዳንዴ እንደሚከዳ አውቅ ነበር» አሉ። «ልጁ ሲፈትሸው ያገኘዋል፣ ያኔ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። አምናችሁኝ ሳትነኩት ስትቀበሉኝ ጊዜ አፈርሁ፤ አፌ ተያዘ።»

«እኛም እኮ እርስዎን እንዳናስቀይም ብለን ነው» አለች እናቴ።

ሁለቱም አለቀሱ። እኔ መናደድ ነበረብኝ፤ ግን በማን ልናደድ? ሦስታችንም ጨዋ ነበርን።

ያ ርካሽ ሞተር ምን አስወጣህ የሚለኝ ሰው ቢኖር ጎማውንና ሰንሰለቱን አልቆጥርለትም። እናቴ እስክትሞት ያለ ምርኩዝ አልተራመደችም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከኋላዋ ሆኜ ሳያት፣ ያ ባዶ መርገጫ እግሬ ሥር ያለ ይመስለኝ ነበር። ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ሰውን ከሰው ጋር አስማምቶ ያኖራል። ቁልቁለት ላይ ግን አይዝም።

ከበረንዳ ተመለስሁና ሰላምን አጠገቤ አስቀመጥኋት።

«ክርስትና አባትሽ ቆመው እያዩ፣ ተንበርክከሽ ፍሬኑን ፈትሺው» አልኋት። «ሽቦውን ሳቢው፤ ሰንሰለቱን ጎትቺው። መካኒክም ይዘሽ ሂጂ።»

«ውይ አባዬ! ነውር አይደለም እንዴ? ምን ይሉኛል?»

«ነውር ነው» አልኋት። «ነውረኛ ተብለሽ በደህና ግቢልኝ።»