ጋሼ የስኪ ፊልም አዩ

"ማስታወቂያው አልቆ ፊልሙ መቼ ነው የሚጀምረው?"

አጎቴ ጋሼ ናቸው፣ ጮክ ብለው። ፊልሙ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ ሲኒማ ቤቱ ጭጭ ብሏል።

ስኪ፣ ያው በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ከጀመርኩ ወዲህ "አንድ ቀን ተሰብረሽ ትቀሪያለሽ" እያሉ ስላስቸገሩኝ፣ "ይምጡና በዓይንዎ ይዩት" ብዬ ዛሬ ከሚኖሩበት ሰፈር ከሬክስዴል ያመጣኋቸው እኔው ነኝ።

ግን ፊልሙን ማስታወቂያ ማለታቸው ስህተት አልነበረም። ሄሊኮፕተር ይመጣል፣ ፂማም ልጅ ይወርዳል፣ ሄልሜቱ ላይ የኢነርጂ ድሪንክ ስም ይታያል፣ ከገደል በስሎው ሞሽን ይዘላል፣ ጓደኛውን ያቅፋል። ከዚያ ሌላ ሄሊኮፕተር፣ ሌላ ፂም።

ጋሼ "አሁን ይተቃቀፋሉ" እያሉ ቀድመው ይነግሩኝ ጀመር። ተቃቀፉ። (ይህን ፊልም ክረምቱን ሙሉ ስጠብቀው የነበርኩት እኔ ነኝ።)

ተስፋ ቆርጬ ጃኬቴን ስለብስ፣ መጨረሻ ላይ ስሞች ሲዘረዘሩ፣ ከፊልሙ ተቆርጠው የወጡት ቀረጻዎች መጡ። ያ ሁሉ ጀግና በአፍጢሙ በረዶ ላይ ይደፋል! የአንዱ ስኪ ከእግሩ ወልቆ፣ ጥሎት ብቻውን ቁልቁል ወረደ። ሁሉም እየሳቁ ይነሳሉ።

ጋሼ ቆመው አጨበጨቡ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ አዳራሹም አብሯቸው ሳቀ።

"እነሱም ይወድቃሉ እንዴ? ታዲያ ይሄን ደብቀው ምን ያንን ያሳዩናል?"

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ውስጥ፣ "ቅዳሜ ስትሄጂ ኮል አድርጊልኝ። እኔም ልሞክረው" አሉኝ።

እናንተስ፣ የመጀመሪያ ቀን ስኪያችሁ እንዴት ነበር? ጻፉልኝ፤ ጋሼ ኮመንቱን አንብቢልኝ ብለዋል። የወደቃችሁትን ብቻ።