የአያቴ ቅል

ሽምብራ ሲቆላ የሚነሣው ሽታ ሌላውን ሰው ምራቁን ያስውጠዋል፣ እኔን ግን ዛሬም ልቤን ድው ድው ያደርገዋል። እናቴ ዓርብ ዓርብ የምትቆላው ሽምብራ ለእኛ ሳይሆን ለአባቷ ነበር፤ አያቴ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው፣ ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ገዳም ሥር፣ ገደሉ ውስጥ በአታቸውን ዘግተው ብቻቸውን ይጸልዩ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ቆሎውን ይዘን እንወርድ ነበር። በተዘጋው በር አጠገብ ክንድ የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች፤ ቆሎውን የምናኖርበት ቅል እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ቅሉን ባዶውን ካገኘነው አያቴ ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ሞልተነው እንመለሳለን። መጣራት ክልክል ነበር። የመነኮሳቱን ምግብ የሚያድሉት መጋቢ፣ «ቅሉን ሳይነካ ያገኘሽው ዕለት ንገሪኝ ልጄ፤ ያን ጊዜ ከፍተን እንገባለን» ብለዋት ስለነበር፣ እናቴ እጇን የምትሰደው ዓይኗን ጨፍና ነበር። እኔ ደግሞ የምፈራው የእሷን ፊት ነበር።

ክረምቱን በጭቃ እየተንሸራተትን እንዲሁ አለፍነው። በጥቅምት እናቴ ወንድሜን አርግዛ ከብዳ ነበር፤ ጎረቤቶቻችንም «ነፍሰ ጡር ከደነገጠች ጽንሱ አይበረክትም» ሲሉ ሰምቼ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር እሳቀቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ እሷ ቁልቁለቱን ቀስ እያለች ስትወርድ እኔ ቀድሜ ደረስሁና እጄን ሰደድሁ። ቅሉ ከበደኝ። ቆሎው እንዳለ ነበር።

የምይዝ የምጨብጠው ጠፋኝ። ኮቴዋን ስሰማ ቆሎውን ገደል በትኜ፣ ባዶውን ቅል ከቦታው መለስሁት።

«ተመስገን! በልተውልኛል!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። መጋቢውም ይህንኑ ሰምተው፣ አመስግነው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ሳምንቱን ሙሉ ልናገር አፌን እከፍትና ሆዷን ሳይ መልሼ እዘጋው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቅሉ እንደሞላ ተገኘ። መነኮሳቱ በሩን ሲከፍቱ አያቴ ካረፉ ሰንብተዋል። እኔ ቆሎውን ስበትን አርፈው ይሁን፣ ወይስ ታመው ሰው እየጠበቁ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወንድሜ በሰላም ተወልዶ አሁን ቡሬ ውስጥ ባለትዳር ነው። እናቴ አርጅታ ፍኖተ ሰላም ትኖራለች፤ ስልክ ስደውልላት የአባቷ ነገር ከተነሣ፣ «አባቴስ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት በልተው ነው ያረፉ፤ አልተሰቃዩም» ትለኛለች።

«አዎ እማ» እላታለሁ። ያኔ የዋሸሁት ለእሷ ብዬ ነበር፤ ዛሬ ዝም የምለው ግን ለእሷ ይሁን ለራሴ እንጃ።