ምጥ የሌለበት ሆድ

የማዋለጃ ክፍላችን አለቃ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሕፃን ሲቀበሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ምጥ የያዛትን ሁሉ «ቀስ በይ እናቴ» ስለሚሉ፣ በሌሉበት «ሲስተር ቀስ በይ» እንላቸዋለን። ያውቃሉ፤ እንዳልሰማ ሆነው ያልፉናል እንጂ።

አንድ ዓመት ለአሥር ቀን ሥልጠና ውጭ አገር ተላክን። እሳቸው ለልምዳቸው፣ እኔ ሻንጣቸውን እንድሸከም። እሑድ ዕለት አዘጋጆቹ ምሳ ጋበዙን። በልተን ጠረጴዛው እንደተነሳ ከበሮ ተመታና አንዲት ሴት በባዶ እግሯ፣ እምብርቷ እንደተገለጠ፣ ዳሌዋ ላይ የሚንሿሿ ጌጥ አስራ ብቅ አለች። የሆድ ዳንስ የሚባለውን በወሬ እንጂ በዓይናችን አይተን አናውቅም።

ሲስተር የምግብ ዝርዝሩን አንስተው ፊታቸውን ከለሉ።

«ተነሽ እንሂድ፣ ልጄ።»

«ጋባዦቻችን ይቀየሙናል፣ ሲስተር። ትንሽ እንቆይ።»

«እንግዲያው አንቺው እዪልኝ።»

አየሁላቸው። ዘወር ስል ግን የምግብ ዝርዝሩ አፍንጫቸው ድረስ ወርዷል። ቆይቶም ጠረጴዛው ላይ አረፈ። መነጽራቸውን ከቦርሳ አውጥተው አደረጉ።

«ወልዳለች» አሉ።

«ማን?»

«ይቺ ልጅ ናታ። ሆዷ ላይ ያለውን ሸንተረር አታዪም? ቢያንስ ሁለት ወልዳለች።»

የሴትዮዋ ሆድ ከላይ ወደ ታች እንደ ውኃ እየተንከባለለ ይወርዳል። ዳሌዋ ክብ ይሠራል፤ ትከሻዋ ግን ንቅንቅ አይልም።

«እኔ ሆድ ሳይ የኖርኩት ሲያመው ነው» አሉኝ ሲስተር። «እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ከበሮው ሲቆም ብድግ ብለው ቀጥታ ወደ ዳንሰኛዋ ሄዱ። አስተርጓሚያችን እየተጣደፈች ተከተለቻቸው፤ እኔም ከኋላ።

«ስንት ልጅ አለሽ፣ እናቴ?»

ሴትዮዋ ሳቀችና ሦስት ጣቷን አሳየች። ሲስተር ወደ እኔ ዞረው «አንዱ አመለጠኝ» አሉ። ከዚያ ወገቧን እንዴት እንደምታዞር ጠየቋት። ያስተማረቻት እናቷ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ፣ እናቷ ከአልጋ አስነስታ ግድግዳ አስይዛ «አዙሪው፣ ሕፃኑ መንገድ ይፈልጋል» ትላት እንደነበር ነገረችን። ይህን እያለች የሲስተርን ሁለት እጆች ይዛ ዳሌዋ ላይ አኖረች። ሲስተርም መሞከር ጀመሩ፤ ወገባቸው ግን ዝገት የያዘው ማጠፊያ ይመስል አልዞር አላቸው። ዳንሰኛዋ አንድ ነገር ተናገረች።

አስተርጓሚዋ «ቀስ ይበሉ ትልዎታለች» አለች።

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ፊቴን አዞርኩ። ሲስተር በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ፤ እሳቸውም ግን እየሳቁ ነበር።

በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ወጣት ምጧ አልገፋ ብሎ ከንጋት ጀምሮ ስታለቅስ ዋለች። ሲስተር የፅንሱን የልብ ምት አዳምጠው ደህና መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ ከአልጋ አውርደው የመስኮቱን ደፍ አስያዟት። ከጎኗ ቆሙና ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ወገባቸውን ማዞር ጀመሩ።

«እንደኔ አድርጊ። ማንም አያይሽም።»

ልጅቱ እንባዋን ሳትጠርግ ፈገግ አለች፤ ቀጥላም ሳቀች፤ አብራም አዞረች። ይህን ጊዜ ዶክተሩ ገባ። ተማሪ ሳለ እጁን ይዘው ያስተማሩት ልጅ ነው።

«ሲስተር፣ ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ሥራ። በሩን ዝጋልን፣ ልጄ።»

ወጥቶ ዘጋው። ኮሪደር ላይ የተቀመጠው ባሏ ሳቁን ሰምቶ ኖሮ፣ ዶክተሩን ክንዱን ይዞ «ምጥ ላይ ናት ብላችሁኝ አልነበር?» ብሎ ጠየቀው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፀ ጎርናና ሴት ልጅ ተወለደች። በማግስቱ ዶክተሩ ራሱ መስኮቱ ሥር የነበረውን አልጋ አስወጥቶ ቦታውን ክፍት አስደረገው። ሲስተር አሁን አዲስ የሚመደቡልንን አዋላጆች እዚያ አቁመው ወገብ ማዞር ያለማምዷቸዋል። አፍሮ የሚቆም ካለ ይጠብቁታል፤ አይቆጡም።